ጥፋተኛው «የኛው ልጅ» ሲሆንስ?

የሆጤዋ (ደሴ)፦ ትናንት ቡና ላይ ሳንስማማ የተነሳንበትን ነገር ላምጣው። እ.ኤ.አ. በ1991 አኒታ ሂል የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የሕግ መምህርት፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት የታጨው ክላረንስ ቶማስ አለቃዬ ሳለ በብልግና ወሬ ያስቸግረኝ ነበር ብላ ሴኔት ፊት መሰከረች። እሱም ጥቁር ነው። ካደ፤ ጥቁሮች በመንጋ ይሰቀሉ የነበረበትን ዘመን አንስቶ ይኸም ያው ነው አለ። በ52 ለ48 ድምፅ ተሾመ። ከወገኖቿ ብዙዎቹ የተቆጡት እሷን ነው፤ ገመናችንን ለነጭ አወጣሽ ብለው። እኛስ? ደፋሪው የኛው ሰው ሲሆን ሴቷ ትናገር ወይስ ለወገን ስትል ትዋጠው?

ባለሱቁ ከአራዳ፦ እህቴ፣ የጥቁሮቹን ፍርሃት አታቅልይው። ኤሜት ቲል እኮ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ ነጭ ሴት ተዳፈረ ብለው ነው የገደሉት። ገዳዮቹም በነጻ ተለቀቁ። እንዲህ ባለ አገር ክስ ሲሰማ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እዚህም የአንዱ ጥፋት በአንድ ቀን የዘሩ ሁሉ ስም ይሆናል። ሽማግሌ ይያዘው፣ ልጅቷም ትካስ ነው የምለው።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ «ትካስ» ያልከውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንዲት ልጅ በአምስተኛ ቀኗ መጣች። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ለምን ዘገየሽ ስላት «ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፣ ጠብቂ ተባልኩ» አለችኝ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በሬ ይሁን ብር ሲባባሉ ሰዓቱ አለፈ። እሱን ማን ይክሳታል? እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ አብሽሩ። ከአባጋሮች፣ ከወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ስንት ደም አድርቀናል፣ ስንት የወሰን ጠብ አብርደናል። ይህ ግን የኛ ጉዳይ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ ለደፈረ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል። ደግሞ በእንዲህ ያለው ሽምግልና ልጅቷ ራሷ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አባቷ ነው የሚናገረው፤ ካሳውንም የሚቀበለው እሱ ነው።

ባለሱቁ፦ ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ካሉ እኔ ምን እላለሁ? ስማችንን ለሚያጠፉት ሰበብ እንሆናለን የሚለው ስጋት ግን አልለቀቀኝም።

የሆጤዋ፦ ይገባኛል። ግን በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ጊዜ የተደፈሩትን «ተናገሩ፣ ዓለም ይስማ» ያልነው እኛው ነን። ትክክልም ነበርን። ያኔ ማንም ገመና አላለውም፤ ደፋሪው ጎረቤት ሲሆን ነው ቃላችን የሚቀየረው። አሜሪካም አኒታ ሂል በመሰከረችበት ዓመት 1,603 ጥቁር ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ስማቸውን አሳትመው ከጎኗ ቆሙ። የዘረኝነቱን ታሪክ አልረሱም፤ እሱንም ይኸንንም በአንድ ገጽ ተቃወሙ። እኔ ወገን የምለው እነሱን ነው።

ባለሱቁ፦ ነርሷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ልጅ ስትመጣ አብሯት የመጣ ሰው ነበር?

ነርሷ፦ ታናሽ ወንድሟ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እስክትወጣ ድረስ ጫማዋን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር።