«አሽቃባጭ» ብቻውን ስላልበቃኝ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የቋንቋ ባለሙያዎች፣ ታሪኩ በአንድ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት የሚፈጸም አጭር ልቦለድ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳለ፣ በአለቃ ፊት ስለሚደረግ ሽንገላ የሚነገሩ የእንግሊዝኛ አነጋገሮች ሥራዬን አስቁመውብኛል። «በተር አፕ» የሚለውን «መሸንገል» ብዬ አልፌዋለሁ። «አፕል ፖሊሸር» (ቃል በቃል «ፖም ወልዋይ») ተማሪ የተወለወለ ፖም ለመምህሩ ከሚያበረክትበት የአሜሪካ ልማድ የመጣ ለዘብ ያለ ፌዝ በመሆኑ፣ ፖም ይዞ ትምህርት ቤት መሄድን ለማያውቅ አንባቢ ምስሉ ይጠፋበታል። ከሁሉም የከበደኝ «ብራውን ኖዝ» (ቃል በቃል «ቡናማ አፍንጫ») ነው፤ ከወታደሮች አፍ የወጣና የአለቃን መቀመጫ ከመሳም ጋር የተያያዘ ጸያፍ ምስል የተሸከመ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በቢሮ ውስጥ ብዙም ሳይታፈር ይነገራል። ገጸ ባሕሪዋ ቃሉን የምትናገረው ለባልደረባዋ እየሳቀች ስለሆነ፣ «አሽቃባጭ» ብቻውን አልበቃኝም፤ «አጎብዳጅ» ባስብላት ደግሞ ንግግሯ የስብሰባ ሂስ ይመስልብኛል። ቀልዱን ሳያደርቅ ብልግናውን የሚያለዝብ፣ በመሥሪያ ቤት ወሬ የሚሰማ ቃል የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ አለብኝ።