ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር) ላይ የወለል ስያሜ፦ ሁለት መንገድ የሚነካ ቢ+ጂ+6

ኮርኒስ፦
ሰላም ባለሙያዎች። ሕንፃው ቤዝመንት፣ ግራውንድና ስድስት ፎቅ (ቢ+ጂ+6) ሆኖ ፒያሳ፣ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። የላይኛው መንገድ ከታችኛው በ3.20 ሜትር ይበልጣል፤ ከላይ ለሚገባ ግራውንድ የሆነው ከታች ለሚገባ 1ኛ ፎቅ ይመስላል። ሞዴሉ በአሜሪካ ቴምፕሌት ስለተጀመረ ግራውንዱ «ሌቭል 1» ተብሏል፣ የስትራክቸሩ 1ኛ ፎቅ እኛ ጋ «ሌቭል 2» ነው። የቤዝመንቱን ሌቭል ኮፒ አድርጌ ባወርደው ፕሮጀክት ብራውዘሩ (የፕላኖቹ ዝርዝር) ላይ ፕላኑ የለም። ሌቭል ሄዶቹ (የሌቭል መስመሩ ጫፍ ላይ ያሉት የከፍታ ምልክቶች) ደግሞ 2400 ምናምን ሜትር ያነባሉ። ስሙን አሁን ብቀይር የሚበላሽ ነገር ይኖራል?

ቢምና_ኮለን፦
ስም ብትቀይር ምንም አይነካም። ግድግዳውም ኮለኑም የታሰረው ከሌቭሉ ጋር ነው፣ ስሙ አያገባውም። የሚያስፈራው ዲሊት ነው፤ ሌቭል ስታጠፋ የተሸከመው ዕቃም ፕላኑም አብሮ ይሄዳል።

ባለሁለት አሃዝ ተጠቀም፦ ቢ1፣ 00 ግራውንድ፣ 01፣ 02 እያልክ እስከ 06። ጂ+12 ሲመጣ ብራውዘሩ 10ን ከ2 በፊት እንዳይደረድርብህ ከአሁኑ ልመድ። ስም ስትቀይር የቪዎቹም (የፕላኖቹም) ስም አብሮ ይቀየር ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፤ «የስ» በል። ካልጠየቀ ፕላኑ ቀድሞ ለብቻው ሌላ ስም ተሰጥቶታል ማለት ነው፣ በእጅህ አስተካክል። የክፍል ቁጥር ግን አይከተልም። ግራውንድ ላይ 101 የነበረው ሱቅ 101 እንደሆነ ይቀርና 1ኛ ፎቅ ካለው ቢሮ ጋር ይምታታል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ሶሌታ፦
ኮፒ የተደረገ ሌቭል ፕላን ይዞ አይመጣም። ሄዱን እየው፤ ጥቁር ከሆነ ፕላን የለውም፣ ሰማያዊ ከሆነ አለው። ቪው ታብ፣ ፕላን ቪውስ፣ ፍሎር ፕላን ግባና ቤዝመንቱን መርጠህ ኦኬ።

2400 የሚያነበው የሌቭሉ ታይፕ ከሰርቬይ ፖይንት (ከቅየሳው መነሻ) ስለሚለካ ነው። ሌቭሉን ምረጥ፣ ኤዲት ታይፕ፣ ኤሌቬሽን ቤዝ የሚለውን ወደ ፕሮጀክት ቤዝ ፖይንት (የሕንፃው የራሱ መነሻ) ቀይር፤ በዚያ ታይፕ ያሉት ሁሉ አንዴ ይስተካከላሉ። የቤዝ ፖይንቱ ከፍታ ከግራውንዱ ጋር እኩል መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። አደራ፣ ሄዱ ላይ ያለውን ቁጥር ደብል ክሊክ አድርገህ 0.00 እንዳትጽፍ! ያ ቁጥሩን አያርምም፣ ሌቭሉን ራሱን ግድግዳውን እንደያዘ 2400 ሜትር ወደ ታች ይልከዋል። ስትጨርስ ሌቭሎቹን በሙሉ ፒን አድርግ (እንዳይንቀሳቀሱ ቆልፍ)።

ተዳፋት፦
ስለ ግራውንዱ፦ ለግንባታ ፈቃድ የገባው ሰነድ ቢ+ጂ+6 ካለ የላይኛው መግቢያ 00 ነው፣ አለቀ። ለታችኛው መንገድ ሌላ ሌቭል አትፍጠር፤ ሴክሽኑ (የሕንፃው ቁርጥ ሥዕል) ላይ በስፖት ኤሌቬሽን (የአንድ ነጥብ ከፍታ ምልክት) −3.20 ብለህ አሳይ። ለፓራፔት፣ ለራምፕ፣ ለደረጃ ማረፊያ ሁሉ ሌቭል የሚከፍት ሰው አለ፤ ያኔ ስድስት ፎቅ ሃያ ሌቭል ይሆናል። ለእነዚህ ሪፈረንስ ፕሌን (ረዳት መስመር) ይበቃል።

ሌላው፣ 00 የሊሾና የሴራሚኩ ፊት ይሁን ወይስ የሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ)? አርክቴክቱ የተጠናቀቀውን ወለል ቢይዝ ይሻላል፤ ሶሌታውን በኦፍሴት ዝቅ አድርገው። ለስትራክቸር የተለየ ሌቭል ካስፈለገ ግን ፕሮፐርቲ ውስጥ «ቢልዲንግ ስቶሪ» ላይ ያለውን ምልክት አንሣ፣ አለበለዚያ ወደ አይኤፍሲ (ሶፍትዌሮች ሞዴል የሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት) ሲወጣ ሕንፃው እጥፍ ፎቅ ይኖረዋል።

ኮርኒስ፦
ሄዱ በእርግጥ ጥቁር ነበር፣ ፕላኑ አሁን ወጥቷል። የክፍል ቁጥሮቹ ይቀሩኛል። ለሊፍት አቅራቢው የምልከው ሠንጠረዥ ላይ ቢ1፣ 00፣ 01 ብዬ ልጻፍ?

ተዳፋት፦
ቁልፉ ላይ የሚታተመውን በሌላ ዓምድ ጻፍለት፦ ቢ፣ ጂ፣ 1፣ 2። 00 የሚል ቁልፍ ማንም ተሳፋሪ አይገባውም።