በስፖንሰር ድርጅት ስም የመጠጥ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል? (ሲያትል)

የልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ተከራይተን ለሕዝብ ክፍት የሆነ ዝግጅት እያሰብን ነው፤ ገቢው ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ነው። እኛ ገና የወላጆች ኮሚቴ ነን፣ 501 ሲ 3 የሚባለው የፌደራል የበጎ አድራጎት ግብር ነፃነት የለንም። አንድ ነን ፕሮፊት በፊስካል ስፖንሰርነት ሊይዘን፣ ማለትም በስሙ ስጦታ ሊቀበልልን ተስማምቷል፤ ከሚገባው ገንዘብ 8 ከመቶ ይወስዳል። ቢራና ወይን እንሸጣለን፣ እናቴ የጣለችው ጠጅም ይኖራል ስንላቸው ግን አንዷ የቦርድ አባል «ደብዳቤ እንጽፍላችኋለን፣ በኛ ስም ፈቃዱን አውጡ» አለች። ሌላው «መጠጥ ያለበት ነገር ውስጥ አንገባም» ብሎ ቁርጥ አደረገ። የማንን እንስማ?

ገንዘብ ያዥ፦
እህቴ፣ የሰውዬውን ስሚ። እኔ የእድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ይህን ወረቀት ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ደብዳቤ እንጽፍላችኋለን» የሚል ቦርድ ያስፈራኛል።

መጀመሪያ ሁለቱን ጉዳይ ለዩ። ስፖንሰር የሚጠቅማችሁ ለጋሹ የሰጣችሁ ገንዘብ ግብር ከሚከፍልበት ገቢው ላይ እንዲቀነስለት ነው። መጠጥ ለመሸጥ የሚያስፈልገው ደግሞ የዋሽንግተን ስቴት ሊከር ቦርድ የሚሰጠው «ስፔሻል ኦኬዥን» ፈቃድ ነው፤ እሱ የግድ 501 ሲ 3 አይጠይቅም። ለበጎ አድራጎት፣ ለሃይማኖት፣ ለትምህርት ወይም ለመሳሰለው ዓላማ ብቻ የተቋቋመና ትርፉን ለአባላቱ የማያከፋፍል ማኅበር ከሆናችሁ ታመለክታላችሁ። ድርጅቶችን በሚመዘግበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት፣ በሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ዘንድ ነን ፕሮፊት ሆኖ መመዝገብ ለማስረጃነት ይበቃል። የኛ እድር ያለው ወረቀት ይኸው ብቻ ነው።

በስፖንሰሩ ስም ይውጣ ካላችሁ ግን ዝግጅቱ የምሩን የስፖንሰሩ መሆን አለበት። ውላችሁን አንብቡት። አንዳንዱ ውል ሥራችሁን የድርጅቱ አካል ያደርገዋል፤ የባንክ ሒሳቡም፣ የአዳራሹ ኪራይም፣ ኢንሹራንሱም በነሱ ስም ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አመልካቾቹ ራሳቸው ናቸው፣ የመጠጡም ገቢ በሙሉ መጀመሪያ ወደነሱ ይገባል። ሌላው ውል ግን ስጦታ ተቀብለው ለናንተ ማስተላለፍ ብቻ ነው። እናንተ ሌላ፣ እነሱ ሌላ። በዚህኛው ውል ፈቃዱን በስማቸው አውጥቶ ገንዘቡን ለራስ መሰብሰብ ማለት የሰው መንጃ ፈቃድ ይዞ መንዳት ነው። ደግሞ አንድ ድርጅት በዓመት የሚፈቀድለት 12 ቀን ነው፤ የናንተ ቀን ከነሱ ላይ ይቀነሳል። ያቺ የቦርድ አባል ይህን አስባበት ይሆን?

ጠጁን እርሱት። የፌደራል ሕግ አዋቂ ሰው ለቤቱ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን ወይን እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ጠጅም እዚያው ይመደባል። መሸጥ ግን ፈጽሞ አይቻልም፣ አንድ ብርሌም ቢሆን። ቤት የተጠመቀ ጠላም ያው ነው። ጠጅ ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ፋብሪካ የሠራውን ገዝታችሁ ሽጡ። እናትሽን አደራ፣ እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትያቸው።

ቢራ ቀጂው፦
ምን አስጨነቃችሁ፤ ባንኬት ፐርሚት በርካሽ ይወጣል። መጠጡን በነጻ አድሉና ገንዘቡን በመግቢያ ሰብስቡ።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ ባንኬት ፐርሚት ለተጠራ እንግዳ ብቻ ነው፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና። ለሕዝብ ማስታወቂያ ወጣ ማለት አበቃ። እነሱ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው ብለዋል።

ኢንሹራንስ ሠራተኛ፦
ሰውዬው «አንገባም» ያለው በክፋት አይመስለኝም። የተለመደው የድርጅት ኢንሹራንስ ለእንግዳ በነጻ የቀረበን መጠጥ ብዙ ጊዜ ይሸፍናል፤ ሽያጭ ሲሆን ግን ሊከር ላያቢሊቲ የሚባል ለብቻው ይገዛል። የጠጣ ሰው መኪና ይዞ ወጥቶ አደጋ ቢያደርስ የሚከሰሰው ባለፈቃዱ ነው። አዳራሹም ስሙ ኢንሹራንሳችሁ ላይ እንዲጻፍለት መጠየቁ አይቀርም። እኔ ብሆን ኬተሪንግ (ከቤቱ ውጭ ሄዶ መሸጥ) የተፈቀደለት ባለፈቃድ የአበሻ ሬስቶራንት ጠርቼ መጠጡን እሱ ይሽጥ እል ነበር። የመጠጡ ገቢ የሱ ነው፤ ለናንተ መግቢያውና ምግቡ ይቀርላችኋል።

የልጆች እናት፦
ተባረኩ። ውሉን አሁን አየሁት፤ እንዳላችሁት ስጦታ ማስተላለፍ ብቻ ነው የሚለው። ራሳችን ተመዝግበን ብናመለክት እስከ መቼ ጊዜ አለን?

ገንዘብ ያዥ፦
ሊከር ቦርዱ ቢያንስ 45 ቀን ቀድማችሁ አመልክቱ ይላል። ሴፕቴምበር 11 ከሆነ ጁላይ 28 ማለት ነው። ምዝገባውን ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ ጀምሩ፣ ያለሱ ማመልከቻው ላይ የሚያያዝ ማስረጃ የላችሁም። ጊዜው ካጠረባችሁ ሬስቶራንቱን ያዙ፤ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ግን በዚህም መንገድ ቢሆን አዘጋጁ ትርፍ የማያከፋፍል ማኅበር መሆን አለበት፤ ኬተሪንጉ ፈቃዱ ላይ መጻፉን ግን በዓይናችሁ እዩት።