ጅማ ላይ ለሴት ቡና አምራቾች ፕሮጀክት ስንቀርጽ ከሥልጠና ቁጥር ባሻገር ምን እንለካ?

ቀይ እሸት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዞን፣ ጎማና ማና ወረዳዎች ላይ በውጭ ለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ሐሳብ እየጻፍን ነው። ዓላማው ቡና አምራች ሴቶች ገቢያቸው እንዲያድግ፣ በቤትም በማኅበርም ላይ የመወሰን አቅም እንዲኖራቸው ነው። ለጋሹ ከተጠቃሚዎች 60 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ጠይቋል። ይህን በሥልጠና የፊርማ ወረቀት መሙላት አያስቸግርም። ግን ሴቲቱ ሠልጥና፣ ለቅማ፣ አድርቃ ገንዘቡ በባሏ ስም የሚወጣ ከሆነ ፕሮጀክቱ ምን ለወጠ ይባላል?

በኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ውስጥ አባልነቱ በአብዛኛው የአባወራው ነው። ይህን እንዴት እንለውጠው? የቁጠባ ቡድን ማቋቋም ይበቃል ወይስ ሌላ ነገር ይጨመር? ለውጡንስ በምን እንለካው? የሠራችሁበት ሰዎች ዝርዝሩን ብትነግሩን።

ሊሙ ኮሳ

መጀመሪያ የደረሰኙን ስም ተከተሉ። ቡናው ከዛፍ ወርዶ ገንዘብ እስኪሆን ድረስ እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ፦ ለቀማ፣ መረጣ፣ ማድረቅ፣ ማጓጓዝ፣ ማስመዘን፣ ክፍያ መቀበል። በአንዱ ዓምድ ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ በሌላው በማን ስም እንደሚመዘገብ ጻፉ። እስከ ማድረቅ ድረስ የሴት እጅ ይበዛል፤ ሚዛኑ ጋ ሲደረስ ስሙ ይቀየራል። ችግሩ ያለው እዚያ ስለሆነ የፕሮጀክቱ ዋና ሥራም እዚያ መሆን አለበት።

የሕግ መሠረቱ በእጃችሁ ነው። የኦሮሚያ የገጠር መሬት ሕግ ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲሰጥ ያዛል። ማኅበሩ "አባል የሚሆነው የቡና መሬት ያለው ነው" ካለ ስሟ ደብተሩ ላይ ያለ ሴት መስፈርቱን ታሟላለች ማለት ነው። ስለዚህ በየቀበሌው ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጋር ሆናችሁ በደብተሩ ላይ የሚስት ስም መኖሩን ቀድማችሁ አጣሩ። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ሚስት ባለው ቤት ደብተሩ ከየትኛዋ ጋር እንደተመዘገበ ሳትጠይቁ አትለፉ፤ ካልጠየቃችሁ ሁለተኛዋ ከፕሮጀክቱ ውጭ ትቀራለች።

ቀጥሎ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ። "ከአንድ ቤተሰብ አንድ አባል" የሚል አንቀጽ ካለ መስተካከል ያለበት እሱ ነው። ሚስት ራሷን ችላ አባል ስትሆን የራሷ ድምፅ ይኖራታል፤ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፣ የዕጣው (የአክሲዮኑ) ብዛት አይለውጠውም። የመመዝገቢያውንና የመጀመሪያውን ዕጣ ክፍያ ፕሮጀክቱ ሙሉ በሙሉ ባይከፍልላት ይሻላል። ከቁጠባ ቡድኗ ተበድራ ከፍላ ብትገባ አባልነቱን የራሷ ታደርገዋለች፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋም አትወጣም።

አባል መሆኗ ብቻውን አይበቃም። ዓመታዊ ትርፍ ሲከፋፈል አባሉ ያስረከበው የቡና መጠን ይታያል። የእሷ ቡና በባሏ ቁጥር ከተመዘነ በስሟ አባል ሆና በቡናው መጠን ከሚከፋፈለው ምንም አታገኝም። ስለዚህ መረካከቢያ ጣቢያው ላይ ያለው መዝጋቢ የሁለቱን ቁጥር ለይቶ እንዲጽፍ አሠልጥኑት። ከእርሻው የትኛው ክፍል ወይም ስንት ዛፍ የእሷ እንደሆነ ባልና ሚስቱ ከለቀማ በፊት ቢስማሙ ሚዛኑ ጋ ጭቅጭቅ አይኖርም። ክፍያውም በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ወይም በራሷ ስልክ በቴሌብር ይግባ። ሲም ካርዱ በባል ስም የወጣ ከሆነ ቴሌብሩም የእሱ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ስለ ጥራት ልጨምር፤ የሴቶችን ድካም የሚያበዛ ፕሮጀክት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ለደረቅ ቡና እሸቱ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይዘረጋል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቶሎ ይገላበጣል፣ በጠራራ ፀሐይና ማታ ይሸፈናል፣ እርጥበቱ ወደ 11.5 በመቶ እስኪወርድ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሲወፍር ይሻግታል፣ ካልተገላበጠ ይቦካል። ይህ ሁሉ በሴቲቱ ቀን ላይ የሚጨመር ሥራ ነው፤ የጥራት ጭማሪው ዋጋ ግን በደረሰኙ ስም ይወጣል። አልጋ ከማደላችሁ በፊት የክፍያው መንገድ ይስተካከል። ስፋቱን ስታሰሉ በአንድ ካሬ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ እሸት ያዙ። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ አልጋ በአንድ ዙር ወደ 200 ኪሎ ይይዛል። በወቅቱ ሦስት ዙር ካደረቀች 600 ኪሎ እሸት፣ ማለትም ከ100 እስከ 120 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይሆናል። ከፍታው ወገብ ድረስ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ቀኑን ሙሉ ያጎነብሳታል።

ሣጥንና ቁልፍ

ቁጠባው ብቻውን አይበቃም፣ ያለ ቁጠባው ግን ሊሙ ኮሳ የጻፈው አይጀመርም። ይህ ዓይነቱ የቁጠባና ብድር ቡድን ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ. ኒጀር ውስጥ ማራዲ ላይ የጀመረው ነው። ቅርጹ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም፦ ከ15 እስከ 25 ሴቶች፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ቁልፎቹን የሚይዙ ሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ በየስብሰባው ከአንድ እስከ አምስት ዕጣ መግዛት፣ ብድር ከራስ ቁጠባ ቢበዛ ሦስት እጥፍ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ሲሞላ ሁሉንም መከፋፈል። ሣጥኑን የምትይዘው ቁልፍ አትይዝም።

የአንድ ዕጣ ዋጋ የቡድኑ ድኻ ሴት በክረምት ልትከፍለው በምትችለው ይወሰን። የቡና ገንዘብ እጅ ላይ ባለበት በኅዳር በሚከፈለው ልክ ከተወሰነ ከግንቦት ጀምሮ አባላት መቅረት ይጀምራሉ። ዙሩን ኅዳር ላይ ጀምሩና መስከረም ላይ አከፋፍሉ። መስከረም የትምህርት ቤት ወጪና የለቃሚ ቀን ክፍያ የሚመጣበት ነው። በዚያ ሰሞን ገንዘብ ያጣ ቤት ቡናውን ዛፍ ላይ እያለ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጠዋል። ቡድኑ ይህን ማስቀረት ከቻለ የመጀመሪያው ጥቅሙ እዚያ ይታያል።

ስብሰባው ዓርብና በገበያ ቀን አይሁን፤ ከአንድ ሰዓት ተኩልም አይለፍ። አመቻቿ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሴት ትሁን፣ የሒሳብ መዝገቡም በዚያው ቋንቋ። በአማርኛ የተጻፈ የሥልጠና ሰነድ ይዞ ጎማ ወረዳ መግባት ግማሹን ተሳታፊ ዝም ማሰኘት ነው።

ቀይ እሸት

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በምንሠራባቸው ቀበሌዎች ያሉት ሴቶች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። "ወለድ ካለበት አንገባም" ያሉ አሉ። ቡድኑን ያለ ወለድ ማስኬድ ይቻላል?

ሣጥንና ቁልፍ

ይቻላል፤ ምርጫውን ለቡድኑ ተዉት። አንዱ መንገድ ብድሩን ያለ ምንም ጭማሪ መስጠት ነው። ለመዝገብና ለእስክሪብቶ የሚሆነውን አባላት በየስብሰባው እኩል ያዋጣሉ። መዋጮው በብድሩ መጠን በመቶኛ ከተሰላ ስሙ ተቀየረ እንጂ ወለድ ነው፤ ይህን ያወቁ ሴቶች ቡድኑን ጥለው ይሄዳሉ። ሌላው መንገድ ሙራባሃ ነው። አባሏ የፈለገችውን ዕቃ፣ ለምሳሌ የአልጋ ሽቦ መረብ ወይም ጆንያ፣ ቡድኑ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ የገዛበትን ዋጋ አሳውቆ በተስማሙበት ትርፍ ይሸጥላታል፣ እሷ በየወሩ ትከፍላለች። ዕቃው መጀመሪያ በቡድኑ እጅ መግባት አለበት፤ ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ "ዕቃ ነው" ማለት አይሆንም። መተዳደሪያው ከመጽደቁ በፊት የአካባቢው የሃይማኖት አዋቂ አይቶት ለሴቶቹ ቢያስረዳ ጥርጣሬው ይቀንሳል። የቡድኑን ገንዘብ ባንክ ማስገባት ከፈለጉ ዘምዘምና ሂጅራ ከወለድ ነፃ ባንኮች ናቸው፤ ሌሎች ባንኮችም ለዚህ መስኮት ከፍተዋል።

ሚዛን

ስለ መለኪያው። በግብርና ፕሮጀክቶች ብዙ የሚሠራበት የሴቶች በግብርና የመብቃት መለኪያ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ምርትን፣ ሀብትን፣ ገቢን፣ አመራርንና ጊዜን ያያል። ጥሩ ጎኑ በአንድ ቤት ያሉትን ወንድና ሴት ለየብቻ ጠይቆ ክፍተታቸውን ማሳየቱ ነው። በጊዜ ዘርፍ ባለፉት 24 ሰዓታት ከ10.5 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው ጊዜ የሌለው ሆኖ ይቆጠራል። አልጋ ለሚያድል ፕሮጀክት ይህች ቁጥር አስፈላጊ ናት፤ ገቢዋ ጨምሮ የሥራ ሰዓቷም ከጨመረ ሪፖርቱ ሁለቱንም ይናገር።

መነሻ ጥናቱን ሰኔ ላይ፣ የማጠቃለያውን ኅዳር ላይ ካደረጋችሁ የሥራ ሰዓቱ በለቀማ ምክንያት ይቀየርና ንጽጽሩ ይበላሻል። ሁለቱም በአንድ ወር ይሁኑ። ጠያቂዋ ሴት ትሁን፣ ባልየው አጠገብ አይቀመጥ።

"በገቢው ላይ ማን ይወስናል?" ስትሉ መልሱ ሁልጊዜ "ተማክረን" ነው። ይልቁንስ ስለ መጨረሻው ሽያጭ ጠይቁ፦ ቡናውን ማን ወሰደው? ገንዘቡን ማን ተቀበለ? ዋጋውን በዚያው ቀን አወቅሽ? መጀመሪያ የተገዛው ምን ነበር፣ ማን ወሰነ? ከቃለ መጠይቁ ውጭ ከማኅበሩ መዝገብ የሚወሰዱ አመልካቾችም ይኑሯችሁ፦ በራሳቸው ቁጥር ያስረከቡ ሴቶች፣ ያስረከቡት ኪሎ፣ በስማቸው የገባ ክፍያ፣ በሥራ አመራር ኮሚቴ ውስጥ ቼክ የመፈረም ሥልጣን ያላቸው ሴቶች። ለቁጥር ማሟያ የገባች "አባል" እና ገንዘብ ያዥ አንድ አይደሉም፤ ሠንጠረዡ ላይም አይደባለቁ።

60 በመቶው የለጋሹን የፆታ መለያ፣ ማለትም ፕሮጀክቱ ለፆታ እኩልነት የሰጠውን ቦታ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አይወስንም። ብዙ ለጋሽ አገሮች አባል በሆኑበት ድርጅት፣ በኦኢሲዲ፣ መለያ 2 የሚሰጠው እኩልነት የፕሮጀክቱ ዋና ዓላማ ሲሆን፣ 1 የሚሰጠው ከዓላማዎቹ አንዱ ሲሆን ነው። 2 ከፈለጋችሁ ዋናው ውጤት ራሱ ስለ ሴቶች የመወሰን አቅም መጻፍ አለበት፤ ስለ ቡና ምርት ተጽፎ ሴቶች በቁጥር ብቻ ከገቡ አይሰጣችሁም።

ሰርቦ

ሁለት ነገር ላክል። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በፆታ እኩልነት መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። በአዋጅ 1113/2011 ተነሥቷል፤ ስለዚህ "የመብት ግንዛቤ" የሚለውን ሥራ በሌላ ስም ደብቃችሁ አትጻፉ። የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ግን ይኸው አዋጅ ያዛል፤ በጀቱ ከዚያ ጋር ይታይ።

ሌላው፣ የገንዘብ ስም ሲቀየር በአንዳንድ ቤት ጠብ ይነሣል። ባሎችን ከመጀመሪያው ወር ጋብዙ። ባልና ሚስት አብረው የዓመቱን ገቢና ወጪ በሥዕል የሚያስቀምጡበት ስብሰባ ከንግግር ይልቅ ይሠራል። ጥቃት የደረሰባት ሴት የት እንደምትላክ፣ ጤና ተቋሙን፣ ፖሊሱን፣ የወረዳውን ሴቶች ጉዳይ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ያዙ። ሕፃን የሚጠብቁ ሴቶች ክፍያም በጀቱ ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው።

ሊሙ ኮሳ

በጀቱን ስትጽፉ ይህንንም አትርሱ፦ ደንቡን ማሻሻል የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው፣ የተሻሻለውም በወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። አጀንዳው ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት ካልገባ አንድ ሙሉ የለቀማ ወቅት ያልፋችኋል። ከኮሚቴው ጋር የሚደረገውን ውይይት በመጀመሪያው ሩብ ዓመት አስገቡት።