ለሰርግ ቪዲዮ ኤዲተሮች፦ ኢቮ ወይስ ኪውቪኦ?

ሰሞኑን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። 1 ቴራ ኤስኤስዲ ልገዛ ነው፤ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ይሻላል ወይስ 870 ኪውቪኦ?» ኪውቪኦ ረከስ ስለሚል ያጓጓል። እኔ ግን ኢቮን ግዙ ነው የምለው።

ሁለቱም በሰከንድ እስከ 530 ሜጋባይት ይጽፋሉ ይባላል። እውነት ነው፤ ችግሩ ኪውቪኦ ላይ ብዙ አይቆይም። ኪውቪኦ አንድ ሴል (ዳታ የሚቀመጥባት ትንሿ ክፍል) ውስጥ 4 ቢት ያጭቃል፤ እንዲህ መጻፍ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የተወሰነውን ቦታ በሴል 1 ቢት ብቻ እየጻፈ መቀበያ ያደርገዋል። ካሽ የሚባለው ይሄ ነው። ፋይሉ መጀመሪያ እዚያ ይራገፋል፤ ዲስኩ ሥራ ሲፈታ ወደ ዋናው ቦታ ያዛውረዋል።

የ1 ቴራው ኪውቪኦ ካሽ 42 ጊጋ ነው። ሲሞላ ፍጥነቱ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። 120 ጊጋ ፉቴጅ ከሌላ ኤስኤስዲ ብትገለብጡ የመጀመሪያው 42 ጊጋ በደቂቃ ተኩል ያልቃል፤ የቀረው ሩብ ሰዓት ያስቀምጣችኋል። ከደህና ሃርድ ዲስክ እንኳ ያንሳል! ከካሜራ ሜሞሪ ስትገለብጡ ላይታወቃችሁ ይችላል፤ ካርዱ ራሱ ቀርፋፋ ነውና። ኢቮ በሴል 3 ቢት ስለሚይዝ እንዲህ አይንኮታኮትም።

ኪውቪኦን የገዛችሁ ደግሞ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። ከ42ቱ ቋሚው 6 ጊጋ ብቻ ነው፤ 36ቱ የሚገኘው ከባዶ ቦታ ነው።

ዕድሜ ላይም ልዩነት አለ። የ1 ቴራው ኢቮ ዋስትና 5 ዓመት ወይም 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፤ የኪውቪኦ 3 ዓመት ወይም 360። ካሽ ለዕድሜም ይረዳል፤ ብጥስጣሹን ሰብስቦ አንድ ላይ ይጽፋል። እዚያው እያለ የተሰረዘ ጊዜያዊ ፋይል ዋናውን ሴል ሳይነካ ይቀራል።

ለሰነድና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ክሩሻል ቢኤክስ500 ይበቃችኋል። ዲራም (የትኛው ዳታ የት እንዳለ የሚመዘግብበት ፈጣን ሜሞሪ) የለውም፤ ለዚያ ሥራ ግን አይጎድልባችሁም።

ዴስክቶፕ ላይ የምትሠሩ ዩፒኤስ ሳትይዙ እንዳትጀምሩ። «ኮፒ አልቋል» ቢልም ጥቂቱ ገና የኮምፒውተሩ ራም ላይ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ከሄደ አብሮ ይጠፋል። አንድ ክረምት የሙሽሮች ፎልደር እንዲሁ ተበላሽቶብኛል። ያዳነኝ ካርዱን ገና ፎርማት አለማድረጌ ነው።