«የሰማንያ ልጅ» ማለት ሙገሳ ነው ስድብ? (አዳማ የሰማሁት)

የአዳማዋ፦
ሰላም የፊደል ሰዎች። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። እባካችሁ ሥር ፍለጋ ከመውረዳችሁ በፊት መልሱልኝ።

የወንድሜ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳለች። በ41ኛው ቀን ላይ «ቤት ውስጥ ታፈንኩ፣ ደጀ ሰላም ደርሼ ልምጣ» አለች። ቡና እየጠጣን ነበር። አንዲት ጎረቤታችን፣ እናታችን የሚሆኑ ሴት፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ምን አስቸኮለሽ ልጄ፣ እሷ እኮ የሰማንያ ልጅ ናት» አሏት። ሁሉም ሳቀ። ምራታችን ግን ዝም ብላ ተነስታ ጓዳ ገባች። ማታ ላይ ሳያት አልቅሳለች።

ወንድሜና እሷ የተጋቡት በማዘጋጃ ቤት ነው። በቁርባን አይደለም። እና ሴትዮዋ «ልጅቷ ሴት ስለሆነች 80 ቀን ጠብቂ» ማለታቸው ነው? ወይስ «በቁርባን አልተወለደችም» እያሏት ነው? ፋሲካ ሳይደርስ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለቱን ማስታረቅ አለብኝ።

ዋሸራ_ነኝ፦
ቁጥር ነው እህቴ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ክርስትና ትነሳለች። እናቲቱም እስከዚያ ቤተ መቅደስ አትገባም። «የሰማንያ ልጅ» ማለት «ሴት ልጅ» ማለት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ተዘጋ።

ጉንጉን፦
ዋሸራ «ተዘጋ» ካለ ውይይቱ ገና መጀመሩ ነው። ቡና አፍሉ።

ባለ_ሸንጎ፦
የምን መዝጋት! በድሮው ልማድ ጋብቻ ሦስት ዓይነት ነው። በቁርባን፣ በሰማንያ፣ በደሞዝ። የቁርባኑ እስከ ሞት ነው። የሰማንያው በውል የታሰረ ነው፤ ሲፈርስ ንብረት ይካፈላሉ። የደሞዟ ሚስት ደሞዟን ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ «የሰማንያ ልጅ» ከሕጋዊ ቤት የተወለደች፣ ዲቃላ ያልሆነች ማለት ነው። ሙገሳ ነው።

የአዳማዋ፦
ሙገሳ ከሆነ ለምን አለቀሰች?

ባለ_ሸንጎ፦
ከደሞዝ ጋር ስታነጻጽሪው ሙገሳ ነው። ከቁርባን ጋር ስታነጻጽሪው ዝቅ ይላል። ሴትዮዋ ቆራቢ ናቸው?

የአዳማዋ፦
አዎ። ነጠላቸውን መስቀለኛ ሳያጣፉ ከቤት አይወጡም።

ባለ_ሸንጎ፦
እንግዲህ...

ቀለም_ቀንድ፦
ለመሆኑ ጋብቻው ለምን «ሰማንያ» ተባለ? አያቴ ሰማንያ ምስክር ስለሚቆም ነው ይሉ ነበር። የሰፈራችን ሽማግሌ ደግሞ ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው የገንዘብ መቀጫ ነው ይላል።

ጉንጉን፦
ሰማንያ ምስክር? ድግሱን ማን ቻለው? በዛሬ ዋጋ ጋብቻው ከመፍረሱ በፊት ቤተሰቡ ይፈርሳል።

ዋሸራ_ነኝ፦
ከርዕስ አትውጡ። የክርስትናው 80 መጽሐፋዊ ነው። ዘሌዋውያን 12ን ክፈቱ። ለወንድ 7 ቀንና 33 ቀን፣ ድምሩ 40። ለሴት 14ና 66፣ ድምሩ 80። እመቤታችን ራሷ ፈጽማዋለች፤ ሉቃስ 2፥22። ታኅሣሥ 29ን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። አርባኛው የካቲት 8 ላይ ይወድቃል። በዓለ ስምዖን የሚውለው ለዚህ ነው።

ሁለት_የወለድኩ፦
የኔታ፣ ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ወንድም ሴትም ወልጃለሁ። ጥያቄዬ ለምን በሴቷ እጥፍ ሆነ ነው። ሴት ሲወልዱ ደሙ እጥፍ አይፈስም፣ አይቻለሁ። እልልታው ደግሞ ሲሆን ግማሽ ይሆናል፤ በእኛ ሰፈር ለወንዱ 7 ለሴቷ 3 ነው። የሚበዛልን መጠበቁ ብቻ ነው።

ዋሸራ_ነኝ፦
የኔታ አትበይኝ፣ ገና ነኝ። መልሱ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። አዳም በ40ኛው ቀን ገነት ገባ። ሔዋን በ80ኛው ቀን ገባች። የእኛ ሥርዓት ያንን ይከተላል።

ፊደል_ሠራዊት፦
እዚህ ላይ ልግባ። ኩፋሌ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በኩምራን ዋሻዎች የተገኙት የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ናቸው። ስለዚህ ይህን ክርክር የመክፈት መብት ያለን እኛ ነን። በኩፋሌ አዳም የተፈጠረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሔዋንም ያኔ በጎኑ ውስጥ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት እግዚአብሔር እሷን አሳየው። 7ና 14 የመጣው ከዚያ ነው። ልብ በሉ! ያኔ እባቡ ገና አፉን አልከፈተም። ፍሬው አልተበላም። ስለዚህ 80 የመርገም ቁጥር ሊሆን አይችልም። ከመርገሙ በፊት የነበረ ነው።

ሁለት_የወለድኩ፦
ይህቺ ቆንጆ ናት። ስሜ ላይ ልጻፋት?

ዋሸራ_ነኝ፦
መርገም ያለ ማን ነው? እኔ አላልኩም።

ሁለት_የወለድኩ፦
አንተ አላልክም። ሰፈሩ ይላል። አራስ ቤት የገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም ይላል። ጠበል ሳይረጭ ከቤቱ አልቀምስም የሚል አለ። ዘሌዋውያንም «የረከሰች» ነው የሚለው፣ «ያረፈች» አይልም።

ፊደል_ሠራዊት፦
መርከስና ኃጢአት አንድ አይደሉም። ሬሳ የነካም ይረክሳል፣ ሬሳ መቅበር ግን ጽድቅ ነው። በዚያው በዘሌዋውያን 12 መሥዋዕቱን ተመልከቺ። ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። አንድ ጠቦትና አንድ ወፍ፤ ደሃ ከሆነች ሁለት ወፍ። ቀኑ ይለያያል፣ ዋጋው አይለያይም።

ዋሸራ_ነኝ፦
አየሽ? ለሴቷ ዕረፍት ነው። ገንፎና አጥሚት እየጠጣች 80 ቀን ትተኛለች።

ሁለት_የወለድኩ፦
ገንፎ አይጠጣም ወንድሜ። አራስ ቤት እንዳልገባህ ታወቀ። «ዕረፍት ነው» የሚሉኝ ሰዎች ደግሞ በ20ኛው ቀን እንጀራ ስጋግር አላዩኝም። ከቤተ መቅደስ ታቀቢ ተባልኩ፣ ከምጣድ ግን ማንም አላስታቀበኝም።

ጉንጉን፦
ገንፎ ይጠጣል!! የዓመቱ ጥቅስ።

ቀለም_ቀንድ፦
«አራስ» ከተነሳ ልናገር። «አራስ» ከ«ማረስ» ነው። እናት መሬት ናት፣ ዘር ይዘራባታል፣ ትታረሳለች፣ ታፈራለች። ስለዚህ «አራስ» ማለት የታረሰች ማለት ነው። ግልጽ ነው።

ፊደል_ሠራዊት፦
ግልጽ ስሕተት ነው። ሁለቱ በአማርኛ የተመሳሰሉት ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ከአፋችን ስለጠፉ ነው። ዐረብኛ ግን ይለያቸዋል። ማረስ በሐመሩ ሐ ነው። ለአራስ የሚሰጠው ምግብ «ኹርስ» በብዙኃኑ ኀ ነው። በአካድኛም፣ በጥንቷ የባቢሎን ቋንቋ፣ አራሷ «ኀሪሽቱ» ናት፣ እንደዚሁ በኀ። እርሻ ውስጥ አትክተቱን።

ቀለም_ቀንድ፦
እኔ የኪዳነ ወልድን መዝገበ ቃላት አንብቤ ነው የምናገረው።

ፊደል_ሠራዊት፦
ገጹን።

ቀለም_ቀንድ፦
መጽሐፉ አባቴ ቤት ነው።

ጉንጉን፦
የሁሉም ሰው ኪዳነ ወልድ አባቱ ቤት ነው። በነገራችን ላይ «አራስ ነብር ሆነች» ሲባል የወለደች ነብር ማለት ነው። የታረሰች ነብር አላየሁም። እሷን ለማረስ የሚቀርብ በሬም ያለ አይመስለኝም።

ዑመር_ከመብራት_ኃይል፦
ሰላም፣ ዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። በእኛም ቁጥር አለ። ከወሊድ በኋላ ያለው ደም «ኒፋስ» ይባላል። የብዙ ዑለማዎች ጣሪያ 40 ቀን ነው፤ ሻፊዒዎች 60 ይላሉ። በዚህ ጊዜ ሶላት የለባትም፣ ጾም የለባትም። ጾሙን በኋላ ቀዷ ታወጣለች፣ ማለትም ትተካለች፣ ሶላቱን አታወጣም። ወንድ ወለደች ሴት ወለደች ለውጥ የለውም። ደሙ ከ40 በፊት ከቆመ ታጥባ ትሰግዳለች። ለውጡ ያለው አቂቃ ላይ ነው፣ ልጅ ሲወለድ በሚታረደው፤ በብዙዎቹ ዘንድ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ።

ሁለት_የወለድኩ፦
እልልታውም በጉም ወደ ወንዱ አደላ።

ዑመር_ከመብራት_ኃይል፦
እህቴ እኔ ሦስት ሴት ልጆች ነው ያሉኝ፣ በበጉ አተረፍኩ። ቃሉን ብቻ ላንሳ ብዬ ነው። «ኒፋስ» ከ«ነፍስ» ጋር አንድ ሥር ነው። እናንተ «ነፍሰ ጡር» ትላላችሁ፣ እኛ ስትወልድ «ኒፋስ» እንላለን። ነፍሷ በፊትም በኋላም ተነስታለች።

ፊደል_ሠራዊት፦
ዑመር ዛሬ የሁላችንንም ደሞዝ በላ። «ጡር» ከግእዙ «ጾረ» ነው፣ ተሸከመ። ነፍስ የተሸከመች። «ጡር አለበት» ከምንለው ጋር አታምታቱት።

ቀለም_ቀንድ፦
እኔ ግን ግንኙነት ያለ ይመስለኛል...

ፊደል_ሠራዊት፦
አይ።

ጫልቱ_ኤጄሬ፦
እናንተ አዳማ ቁጭ ብላችሁ አካድኛ ድረስ ሄዳችሁ። እዚሁ አጠገባችሁ አርሲ ላይ የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ «ቀነፋ» ታስራለች። ቀነፋ ያሰረች ሴት ክብሯ ትልቅ ነው። ባሏ ቢመታት ወይም ቢሰድባት ነገሩ የቤት ጠብ ሆኖ አይቀርም። ሴቶቹ «ሲንቄ» ይዘው እየጮኹ ይወጣሉ። ሲንቄ ሙሽራዋ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ባልየው ይቅርታ ጠይቆ፣ አርዶ ካልካሰ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። አያቴ ወጥታ ታውቃለች። አንዴ ሦስት ቀን ላም ሳይታለብ እንደዋለ ትናገራለች።

ሁለት_የወለድኩ፦
ጫልቱዬ፣ ያንን በትር አዳማ ገበያ ላይ ይሸጡታል?

ጫልቱ_ኤጄሬ፦
እናትሽ ናት የምትሰጥሽ፣ አይገዛም።

ዋሸራ_ነኝ፦
ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን ከባህል ጋር ባናቀላቅል።

ጫልቱ_ኤጄሬ፦
ገንፎ እየጠጣህ አስብበት።

ቀለም_ቀንድ፦
አዳማ ካላችሁ አይቀር፣ «አዳማ» ራሱ ከ«አዳም» ነው። በዕብራይስጥም መሬት ማለት ነው።

ጫልቱ_ኤጄሬ፦
«አዳሚ» ቁልቋል ነው። ቁልቋል! ናዝሬት ብለው ስሙን ቀየሩት፣ በ1992 ተመለሰ፣ አሁን አንተ ዕብራዊ ልታደርገው ነው።

ጉንጉን፦
የአዳም ልጅ ስሙ ማን ነበር? ሴት። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የአዳም ሦስተኛ ወንድ ልጅ «ሴት» ነው። እንግዲህ እሱ በ40 ነው በ80 የሚጠመቀው?

ፊደል_ሠራዊት፦
ይህን ቀልድ በየዓመቱ ታመጣዋለህ። የእኛ «ሴት» ከ«አንስት» ጋር የሚያያዝ ነው፣ ከሰውየው ጋር ዝምድና የለውም።

የአዳማዋ፦
ይቅርታ፣ እኔ እዚህ ነኝ። ሴትዮዋ ምን ማለታቸው ነበር?

ባለ_ሸንጎ፦
ጋብቻው።

ዋሸራ_ነኝ፦
ቀኑ።

ሁለት_የወለድኩ፦
የአዳማዋ፣ እኔ የምለው፣ ሴትዮዋ ያሉት ለእናቲቱ አይደለም? «ደጀ ሰላም ልድረስ» ላለችው ነው። ነገሩ የቀን ነው። ምራታችሁ ግን በጋብቻው ሲነካኳት ከርመዋል መሰለኝ። ስለዚህ የሰማችው ሌላውን ሰማንያ ነው። ሳቁ ምን ዓይነት ነበር? ያንን ንገሪን።

የአዳማዋ፦
እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ አላውቅም። ሁሉም ሲስቅ ሳቅኩ።

ዛሬ ማታ ሄጄ መጀመሪያ የራሴን ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ከዚያ ሴትዮዋን «አርባዋን ጨርሳለች፣ ሰማንያዋን ግን...» ብዬ ጀምሬ ምን ለማለት እንደፈለጉ እጠይቃቸዋለሁ።

ፊደል_ሠራዊት፦
ሂጂ፣ ሂጂ። ግን «ዐርባ» ብለሽ በዐይኑ ዐ እንዳትጽፊላቸው። አርብዓ በአልፋው ነው የሚጀምረው፣ ዐይኑ መጨረሻ ላይ ነው።

ቀለም_ቀንድ፦
እኔ ግን በዐይኑ ጀምሮ አይቻለሁ። አባቴ ቤት ያለው መጽሐፍ ላይ።