ከራዲዮግራም የወጣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር ቴስተር ላይ “1” ብቻ ያሳያል፤ ተቃጥሏል?

ራዲዮግራም_አዳማ፦
ሰላም ለቤቱ። ቆራሌ ጋ ከተገኙ ሁለት የድሮ ፊሊፕስ ራዲዮግራሞች (ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ በአንድ ሣጥን) ሁለት ባለ 8 ኢንች ስፒከር አውጥቻለሁ። ሁለቱም መሃላቸው ላይ ሁለተኛ ትንሽ ወረቀት አላቸው። ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርጌ ስለካ አንዱ 5.6 ኦም ይላል፣ ሌላው “1” ብቻ። የዚሁ “1” ያለው ስፒከር ወረቀት ጠርዙ አካባቢ 3 ሴንቲ ያህል ተቀዷል። ያለኝ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍና በ24 ቮልት የሚሠራ የቻይና አምፕሊፋየር ቦርድ ነው። የድሮውን መልክ የያዘ ጥንድ ለመሥራት፣ ለእያንዳንዱ 20 ሊትር ዝግ ሣጥን አስቤያለሁ። “1” ያለውን ልጣለው ወይስ ኮይል የሚጠመጥም ሰው ልፈልግ?

ስታኞ፦
እንዳትጥለው። ቴስተሩ 200 ላይ ሆኖ ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ብትለካ “1” ነው የሚልህ፤ ተቆርጧል ማለት ላይሆን ይችላል። ወደ 2000 አዙረህ ድገመው። ከ600 እስከ 800 ካነበበ ኮይሉ ደህና ነው፣ የያዝከውም ባለ 800 ኦም ስፒከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ፊሊፕስ በአንዳንድ የቫልቭ (በትራንዚስተር ፈንታ የመስታወት ቱቦ ያላቸው) ራዲዮዎቹ ላይ የመውጫ ትራንስፎርመሩን አስቀርቶ ስፒከሩን ከቫልቮቹ ጋር ያለ እሱ ያገናኝ ነበር፤ ኮይሉ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመው ለዚህ ነው። 9710 የሚባለው ስፒከር ራሱ በ7ም በ800 ኦምም ይመረት ነበር፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ “ኤኤም” የሚሉት ፊደሎች ካሉ የ800ው ነው።

ከቦርድህ ጋር በቀጥታ ብታገናኘው ምንም አይሆንም፣ ግን ድምፁ ይኮሰምናል። ለ8 ኦም 20 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር የሚያወጣው 12.6 ቮልት ገደማ ነው። ያው ቮልቴጅ 800 ኦም ላይ 0.2 ዋት ብቻ ይሆናል።

የሚያስፈልግህ የ100 ቮልት መስመር ትራንስፎርመር ነው፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የድምፅ ማጉያዎች አንዳንዶቹ ውስጥ ይገኛል። ገልብጠህ ነው የምትጠቀምበት፦ የ8 ኦሙ ጫፍ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ የ10 ዋቱ ጫፍ ወደ ስፒከሩ። የ10 ዋቱ ጫፍ 1000 ኦም ነው (100 × 100 ÷ 10)፤ 800 ስታስርበት ለአምፕሊፋየሩ እንደ 6.4 ኦም ይቆጠራል። ተጠንቀቅ፣ አምፕሊፋየሩ 9 ቮልት ሲያወጣ ስፒከሩ ጫፍ ላይ 100 ቮልት ገደማ ይኖራል። ከበየድክ በኋላ ጫፎቹን በደንብ ሸፍን።

በእኔ ግምት ግን ሁለቱ ለስቴሪዮ ጥንድ አይሆኑም። አንዱ በትራንስፎርመር ሌላው በቀጥታ ሲነዱ ግራና ቀኙ እኩል አይመጣም።

ነጭ_ኮላ፦
ለወረቀቱ፦ ሱፐር ግሉ አታስጠጋው። ደርቆ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን ቀዳዳው አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል፣ ድምፁም ይንጫጫል። የሻይ ከረጢት ባዶ ወረቀት ከቅዳጁ በየጎኑ 5 ሚሊ አስበልጠህ ቁረጥ፤ ነጩን የእንጨት ኮላ በእኩል መጠን ውኃ አቅጥነህ ከኋላ በኩል በብሩሽ ለጥፈው። አንድ ሽፋን ይበቃል። ኮላ ሲበዛ ወረቀቱ ይከብድና ድምፁ ይደበዝዛል። እስከ ማግስቱ አትንካው።

ከዚያ በፊት ግን በሁለት እጅ ጣቶች ወረቀቱን ዙሪያውን እኩል ገፋ ገፋ አድርገህ አድምጥ። ከፈገፈገ ወይ ኮይሉ ክፍተት ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቷል፣ ወይ ኮይሉን የሚይዘው ሽብሽብ ጨርቅ ለዓመታት በአንድ አቅጣጫ ቆይቶ ወርዷል። ሁለተኛው ከሆነ ስፒከሩን ላዩን ታች አድርገህ ማሰር ብዙ ጊዜ ይረዳል። ማግኔቱን ግን በምንም ዓይነት አትፍታ! የዚያ ዘመኑ አልኒኮ ማግኔት ከብረቱ ሲለይ ጉልበቱን ያጣል፤ መልሰህ ብትገጥመውም አይመለስም።

ራዲዮግራም_አዳማ፦
2000 ላይ 690 አለ። ስለ ሣጥኑስ ምን ትላላችሁ?

ባፍል፦
ዝግ ሣጥኑን ተወው። እነዚህ ስፒከሮች ራዲዮግራሙ ውስጥ ሆነው ጀርባቸው ክፍት ነበር። 20 ሊትር ውስጥ ስታፍናቸው አየሩ ወረቀቱን ያጠነክረዋል፣ ዝቅተኛው ቤዝ ይቀርና ከ100 ኸርዝ በላይ ያለው ያጉረመርማል።

ኤምዲኤፍህን 60 በ90 ሴንቲ ቆርጠህ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አቁም። የስፒከሩ መሃል ከአንዱ ጎን 24፣ ከሌላው 36፣ ከታች 35 ሴንቲ ላይ ይሁን። እኩል ርቀት ላይ ካደረግከው ከኋላ የሚዞረው ድምፅ ከሁሉም ጎን አንድ ጊዜ ደርሶ የፊቱን ድምፅ አንድ የተወሰነ ኸርዝ ላይ ይሰርዘዋል። የቀዳዳውን የኋላ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ጥረበው፤ አለበለዚያ 18 ሚሊው ጠባብ ጉሮሮ ይሆንበታል። ብሎኖቹን ዙሪያውን ተከትለህ ሳይሆን በትይዩ እያፈራረቅህ፣ በእጅ መፍቻ ብቻ አጥብቅ። የስፒከሩ ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ከተጣመመ ኮይሉ መፈግፈግ ይጀምራል። ከግድግዳ ቢያንስ 60 ሴንቲ አርቀው። ጀርባውን በስስ ጨርቅ ሸፍነው፤ የአዳማን አቧራና ንፋስ ታውቀዋለህ።

ትንሹ ወረቀት ከፍተኛውን ድምፅ ስለሚያወጣ ትዊተር (የቀጭን ድምፅ ትንሽ ስፒከር) አያስፈልግህም። የግድ ካልክ፣ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ኔጌቲቩን ከኔጌቲቩ አያይዘህ 5 ማይክሮፋራድ ይሆንልሃል፤ በ8 ኦም ትዊተር ከ4000 ኸርዝ ግድም ጀምሮ ያሳልፋል። ከራዲዮግራሙ የወጣውን የድሮ ኤሌክትሮሊቲክ አትጠቀም፣ ውስጡ ደርቋል። ቦርድህንም በሙሉ አቅሙ አትልቀቀው፤ ከ10 ዋት በላይ ለእነዚህ ኮይሎች ብዙ ነው።

ስታኞ፦
ባፍል ባለው እስማማለሁ። ሽቦ ከማሰርህ በፊት ፖዘቲቩን በባትሪ ለይ፦ ወረቀቱ ወደ ፊት ሲወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። ለ5.6ቱ 1.5 ቮልት ለቅጽበት በቂ ነው። የ690ው በዚያ እንቅስቃሴው ስለማይታይህ የ9 ቮልት ባትሪ ተጠቀም። የ9 ቮልቱን ግን 5.6ቱ ላይ እንዳትሞክር፣ 14 ዋት ነው የሚሄድበት።